ዳክዬ ነው፣ ይተኩሱ

ማንደፍሮ አማቱን አቶ አስራትን የጠመዳቸው በሰላምታ የተነሳ ነው። በሠርጉ ሰሞን፣ እዚሁ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ትራም ፌርማታ ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። ሰውዬው በአጠገቡ እልፍ አሉ። ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን በር ላይም እንዲሁ። ሰው ሰላምታ ይነሳል? ያውም የልጁን ባል!

«አባትሽ ይንቁኛል» አላት ሚስቱን ቢታንያን።

«አባዬ ኩሩ ነው። ቢጨንቀው እንኳ እርዱኝ አይልም። ግን አደን አብሮኝ ይሂድ ብሎሃል።»

«ልጄን ያገባ ሰው ወፍ በአበራረሩ ይለይ!» ነበር ያሉት። ማንደፍሮም ወደቡ ላይ ሲሠራ አድሮ ቅዳሜ ጠዋት በመኪናው ይወስዳቸዋል። የራሳቸውን ሸጠዋል። ሹፌር ከተገኘ ምን አደከማቸው!

በር ሲከፍቱለት ሁልጊዜ «ማነህ አንተ?» ይላሉ። ኧረ በገብርኤል! ሁለት ዓመት ሙሉ!

ረግረጉ ላይ ደግሞ ሌላ መከራ። ከውሃ ወፍ የሚፈቀደው የዱር ዳክዬ ብቻ ነው። ሌላ ከወደቀ የአቶ አስራት ፈቃድም ጠመንጃም ይነጠቃል። የመሬቱ ባለቤት፣ ሆላንዳዊ ገበሬ፣ ውሻውን ይዞ ከኋላ ይከታተላል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዳክዬ... አይ፣ ታሊንግ፣ የተከለከለችው ትንሿ ዳክዬ።»

«ደንቆሮ! ሳያልፍ ተናገር! ክንፉን እንዴት ነው የሚመታው? አንገቱስ?»

ስልኩ ላይ ሥዕል ሲያሳያቸው «እኔን ልታስተምር ነው?» ብለው እጁን ይገፉታል። «ዳክዬ» ካለ ይተኩሳሉ። ብዙ ጊዜ ይስታሉ፤ ሲስቱም ጥፋተኛው እሱ ነው።

እየተሰደበ ተማረ። ዳክዬ ክንፉን ቶሎ ቶሎ ያራግባል። ዉልፕ የሚሉት የረግረግ ወፍ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመታው፣ ምንቃሩም እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ረጅም ነው። እሱን መግደል ክልክል ነው።

ባለፈው እሑድ አቶ አስራት በምእመኑ ሁሉ ፊት የተዘረጋ እጁን ትተውት አለፉ። ማንደፍሮ አንጀቱ አረረ። «ቆይ፣ ፈቃድዎን ባላስነጥቅ!» አለ በሆዱ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አንድ ወፍ ዝቅ ብሎ መጣ። አቶ አስራት የክንፉን ድምፅ ሰምተው ጠመንጃቸውን አነሱ።

«ምንድን ነው?»

ማንደፍሮ ምንቃሩን አይቶታል።

«ዳክዬ ነው፣ አባባ። ይተኩሱ!»

ተኮሱ። ወፉ ወደቀ። ውሻው አንስቶ እግራቸው ሥር አኖረው። ገበሬው ፊቱ በንዴት ቀላ። ማንደፍሮ ስድቡን ጠበቀ።

አቶ አስራት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉለት።

«ጎበዝ ልጄ! አንተን ማመኔ ልክ ነበር።»

ተንበርክከው ሣሩን በእጃቸው ዳበሱ፣ ዳበሱ፤ ወፉን ሲያገኙት ጣታቸው ምንቃሩን ተከትሎ ሄደ፣ አሁንም ሄደ፣ ፈገግታቸውም ጠፋ።