ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ

ወጣቷ መርማሪ ከጠፈር መንኮራኩሩ ሆድ ስር እንደተጋደመች "ዛሬ አይበርም!" አለች። ጣቷን ሞተሩ አንገት ላይ ካገኘችው፣ ከፀጉር ከቀጠነ ስንጥቅ ላይ አላነሳችም። የመንኮራኩሩ አዛዥ ነጭ የደንብ ልብሱን ለብሶ አጠገቧ ቆሟል። ከሦስት ዓመት በፊት አክስቷ "ይሄን መናጢ ድሃ ምን ልትሠሪበት ነው?" ብላ ያስተወቻት የቀድሞ ፍቅረኛዋ ነው። ባልደረቦቹ "ሲያልፍለት ዓይኗ ቀልቶ ነው" እያሉ አጉረመረሙ።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው አክስቷ ጎንበስ ብላ፣ "የኔ ልጅ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ፈርሚለትና ይሂድ" አለቻት በሹክሹክታ።

"አክስቴ፣ በእሱ ጉዳይ አንዴ ሰምቼሻለሁ፤ ይበቃኛል።"

አዛዡ ጓንቱን አወለቀ፤ ዘይት የፈሰሰበት ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎም አጠገቧ ገባ። ጣቱን ከጣቷ ጎን አድርጎ ስንጥቁን ዳበሰ። ከዚያ ሰዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ፣ "እሷ አይበርም ካለች አይበርም!" አለ። ልቧ በኩራት ሞላ፤ ፊቷን ግን ኮስተር እንዳደረገች ነበር።

"ጥገናው ስንት ቀን ይፈጃል?" ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"አስር ቀን።"

"አትቸኩዪ" አላት።