ለማቆም ነው

«ይኼኛው ለብቻ ለሚሠራ ሰው ነው ጋሼ፤ ማንም አያስፈልግዎትም» አለ ሻጩ፣ ሁለት ድቡልቡል ብረቶች ጎን ለጎን የተጋደሙበትን ዝቅ ያለ መደብ በእግሩ ወደ ፊት እየገፋ። «የሞተሩን የኋላ ጎማ እዚህ ላይ ያወጡታል። ከዚያ ጎማው እዚያው ባለበት ይሽከረከራል፤ ቁጭ ብለው ካቴናውን መጥረግ፣ ዘይት መቀባት ነው።»

ማንም አያስፈልግም። ሚስትየው ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። ማንም ማለት እሷ ናት።

ሞተር ሳይክሉ ያለው የጎን እግር ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ግቢ ውስጥ፣ ኮርቻውን ዳሌዋ ላይ አስደግፋ በጎን እግሩ ላይ ታዘነብለዋለች፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳል፤ ባሏ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጦ ካቴናውን ያጸዳል። «ያዝሽ?» ይላል። «ያዝኩ» ካላለችው እጁን አያስገባም። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ በዚህ ጨዋታ ፈጥረው ነበር፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲገባ ሌላው ከውጭ «ያዝሽ?» እያለ ይጮህበታል።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ባሏ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ግራ እጅህ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ሞተር መንዳት ግን አይታሰብም አለው። እሱ ሐኪሙን ሳይሆን የሐኪሙን እስክሪብቶ እያየ ሰማ። እቤት ሲደርሱ «እስኪሻለኝ ነው» አለ። በሞተሩ መድኃኒት የሚያደርስላቸው ፋርማሲዎች ሲደውሉለትም መልሱ ይኸው ነው። ግራ እጁን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሱ አላወጣውም።

«ያ ቀዩስ?» አለች፣ ወደ ጥግ እያሳየች።

«እሱ ሌላ ነው እትዬ። ከሥር ገብቶ ሞተሩን እንዳለ ብድግ ያደርገዋል፤ ጎማው መሬት ስለማይነካ አይበላሽም። ለረጅም ጊዜ ለማቆም ነው።»

«ለማቆም አልመጣንም» አለ ባሏ።

«ኧረ ጋሼ! እኔ መቼ ሞተር ያቁሙ አልኩ? ብረቱን ነው የምለው።»

«አንተን አላልኩም። እሷ ናት። ከተጋባን ጀምሮ አቁም እንዳለችኝ ነው፤ ብትችል እኔንም ከሞተሩ ጋር እዚያ ላይ ሰቅላ ታቆመኝ ነበር።»

ሻጩ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። እውነቱን ነው። ባመሸ ቁጥር ራት ከድና፣ የሞተሩ ድምፅ በር ላይ እስኪሰማ ድረስ ጆሮዋን አቁማ ትቀመጥ ነበር።

«ይሞክሩት እስቲ» አለ ሻጩ። ለማሳያ የተቀመጠች አሮጌ ሞተር እንደዚሁ ባለ ሌላ መደብ ላይ ቆማለች። ባሏ ቁጢጥ አለ። ግራ እጁን ከኪሱ አወጣና ጎማውን ከያዘው ብረት ላይ፣ ድሮ በሚያሳርፍበት ቦታ አሳረፈው። በቀኙ ጎማውን ገፋ።

ጎማው ያለ አንዳች ኮሽታ ዞረ። ደግሞ ገፋው። የባሏ ፊት ፈካ፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየችውም።

«አየሽው? ቅቤ እኮ ነው!» አለ፣ ቀና ብሎ እሷን እሷን እያየ።

«ጣትህን!» ሻጩ ጮኸ። አክብሮቱ ከአፉ ወድቆ ነበር።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። መዳፏ ጎማው ላይ ነው፤ ጎማው ቆሟል፤ መዳፏ ያቃጥላታል። ግራ እጁ ሳይታወቅ ተንሸራቶ ወርዶ ሁለት ጣቶቹ ካቴናውና የሚዞርበት የብረት ጥርስ የሚገናኙበት አፍ ላይ ገብተዋል። ትንሽ ቢዞር ኖሮ አልቆላቸው ነበር።

«ምነው?» አለ ባሏ። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር።

ከዚያ ዝቅ ብሎ አየ። ግራ እጁን በቀኙ ይዞ፣ የወደቀ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው አወጣው። ጣቶቹ በጥቁር ግራሶ ተለውሰዋል።

ሻጩ ጨርቅ ፈልጎ አመጣና ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ሰጣት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገችለት። አንደኛው ተልጦ ይደማል።

«አመመህ?»

«አላመመኝም» አለ ቶሎ ብሎ። የሚደማውን ጣቱን አየው። «ምንም አላመመኝም» አለ እንደገና፣ አሁን ራሱ እየሰማው።

ጎማው አጠገብ እንደተቀመጠ ወደ ሻጩ ዞረ።

«ያ ቀዩ... ለማቆም ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ። ለማቆም ነው።»

«እሱን አውጣልን።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ነው። አሁን ሲመጣ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። «ይኼኛውን ብንወስድስ?» አለች ሳታስበው። «እኔ እይዝልሃለሁ። እንደ ድሮው።»

«ማን ሊነዳው?» አላት። ቁጣ የለበትም። መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

ሻጩ ተሸካሚ ልጥራ ቢል ባሏ እምቢ አለ። ቀዩ ብረት ከባድ ነው። በአንደኛው ጫፍ እሷ ጎነበሰች፣ በሌላኛው እሱ፤ ቀኙን አስገባ፣ ግራውንም አጠገቡ አስቀመጠው። ተነሱ። የሱቁ በር ደፍ ላይ ሲደርሱ ግራ እጁ እንደገና ተንሸራቶ ወረደ፤ ብረቱ አዘነበለና ክብደቱ ሁሉ ወደ እሷ መጣ፤ ሞተሩ ይደገፍበት የነበረው ዳሌዋ ላይ አረፈ።

«ያዝሽ?» አላት።

«ያዝኩ።»