ነጭ ክር ያላት ጀሪካን

የአሮጌ መኪናውን ካንዴላ ቀየረ፤ የአየር ፊልትሮዋን አራገፈ፤ ራዲያተሯ ውስጥ የከረመውን ዝገት የመሰለ ውሃ ደፋ። አዲሱን ኩላንት ሊበርዝ ሲል ግን ውሃ ጠፍቷል። ኮሪደሩ ጥግ ያገኛትን ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አንስቶ እስከ ጠብታዋ አንቆረቆረና ራዲያተሩን ሞላ።

ባዶዋን ሲመልሳት ነው አንገቷ ላይ የታሰረውን ነጭ ክር ያየው። እናቱ ጠበሏ ከሌላ ውሃ እንዳይምታታባት የምታስረው ክር ነው። ለጉልበቷ ብላ ከሸንኮራ ዮሐንስ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አቅፋ ያመጣችው ጠበል!

ከሰዓት ውሃ ሲመጣ ጀሪካኗን ከቧንቧ ሞልቶ ቦታዋ አስቀመጣት።

ከዚያ ወዲህ እናቱ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አማትባ አንድ ብርጭቆ ስትጠጣ ባየ ቁጥር ሊነግራት አፉን ይከፍትና፣ «ጉልበትሽ እንዴት ነው እማዬ?» ብሎ ይዘጋዋል።

«ተመስገን፣ ቀለል እያለኝ ነው» ትለዋለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየተነሳች።

ጀሪካኗ ስታልቅ አላስችል አለው። «ተነሺ፣ ሸንኮራ እኔው እወስድሻለሁ» አላት።

ዳገቱ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ቆሞ ሞተሩን ሊያበርድ ተዘጋጀ። መኪናዋ ግን ሳትፈላ፣ ሳታጉረመርም ጫፍ ወጣች።

እናቱ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«እሷንስ ፈወሳት» አለች፣ ጉልበቷን እያሻሸች። «የኔው ነው እንጂ በረኪና በረኪና እያለ ያስቸገረኝ።»