ሦስት ሜትር ትርፍ ሽቦ

«ፊውዙ ጠፍቷል?» አለ ኤሌክትሪሻኑ፣ ሳሎኑ መሃል በጉልበቱ ተንበርክኮ።

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ» አለች የቤቱ እመቤት።

«አጥፍቻለሁ ያለኝን ሁሉ ባምን ኖሮ ይኼኔ አፈር ለብሼ ነበር» አለና መሞከሪያውን ሶኬቱ ውስጥ ሰካ። አልበራም። ካቻቢቴውን አነሳ።

ሶኬቱ የጣውላው ወለል ውስጥ የተቀበረ ነው፤ መዳፍ የሚያህል የነሐስ ክዳን አለው። ምንም አይሰካበትም። ከበሩ ወደ ሶፋው የሚሄድ ሰው ግን ዞሮት ያልፋል። እዚህ ቤት በኖረችባቸው አራት ዓመታት ምንጣፍ ልታነጥፍበት ሁለት ጊዜ ሞክራለች። ሁለቱንም ጊዜ ባሏ «ክዳኑ ይሰበራል» ብሎ፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ ጥግ አቁሞት ወደ ሥራው ሄዷል። አልተቆጣም፣ አልተጨቃጨቀም። ሶኬቱን ያስገባችው የመጀመሪያ ሚስቱ ናት፤ በሞተች ሴት ነገር ደግሞ ምን ብለው ይጣላሉ?

ዛሬ እሱ እስኪመለስ ሶኬቱ ግድግዳው ሥር እንዲሆን ወስናለች።

የሰውዬውን ስልክ ያገኘችው ከፊውዙ ሳጥን በር ጀርባ ላይ ነው። ከቁጥሩ ሥር በሟቿ ደቃቅ የመምህር እጅ ጽሑፍ፣ «ጎበዝ ነው፤ ወሬ ያበዛል» ተብሎ ተጽፏል። የሟቿን ሶኬት ለማስነሳት የሟቿን ምክር መከተሏ አንገብግቧታል። ሌላ ኤሌክትሪሻን ግን አታውቅም።

«ይቺን ያስገባኋት እኔ ነኝ እኮ» አለ ብሎኑን እያላላ። «መምህርት መሃል ወለል ካልሆነ ብለው ሙጭጭ አሉብኝ። ኧረ ሰው ያደናቅፋል ብላቸው፣ ይደናቀፍ አሉኝ!» ሳቀ። «ሕመሙ ቤት ሲያውላቸው ጊዜ ጠረጴዛቸውን እዚህ አስቀመጡ። የፈተና ወረቀት የሚያርሙበት መብራት ከዚህ ነበር የሚሰካው።»

እሷን «ልጄ»፣ ሟቿን «እሳቸው» እያለ ነው የሚያወራው። እሷ እኮ ሟቿ በሞተችበት ዕድሜ ላይ ሁለት ዓመት ጨምራለች። አስልታዋለች።

«ግድግዳው ሥር ቢያደርጉት ምን ነበረበት?» አለች፣ ነገሩን እንደ ዋዛ አስመስላ።

«ግድግዳው ሥርማ ጀርባቸውን ለባለቤትሽ ሊሰጡ ነው! እሱ እዚያ ሶፋ ላይ ጋዜጣውን ያነባል። "ቀና ባልኩ ቁጥር ግድግዳ አላይም" አሉኝ፤ ያለ ምንም እፍረት።»

ሶፋውን አየችው። ሁልጊዜ ከእራት በኋላ እዚያ ከጎኑ ትቀመጣለች። እሱ ፊት ለፊቱን፣ ባዶውን ወለል ያያል። እስከ ዛሬ ደክሞት ይመስላት ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ ግን፣ ልጄ። ሽቦው ግድግዳው ጋ አይደርስም። ከጣውላ ሥር መቀጠል ደግሞ አልወድም፤ እሳት የሚነሳው ከተቀጠለ ሽቦ ነው። ከፊውዙ ጀምሮ አዲስ መሳብ ሊኖርብን ነው። ግማሹ ወለል ይነሳል። የዛሬ ሥራ አይሆንም።»

«ይነሳ።»

«ባለቤትሽ ያውቃል?»

«ይነሳ አልኩዎት፣ ጋሼ።»

መሮውን በጣውላዎቹ መሃል አስገብቶ አንዱን ፈነቀለው። አጎንብሶ ሥሩን አየ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«አይ እርጅና! ረስቼው!»

አጠገቡ ተንበረከከች። ከጣውላው ሥር፣ አቧራ ውስጥ፣ ከሶኬቱ ሽቦ ሳይቆረጥ የተረፈ ሦስት ሜትር ያህል ክብ ተደርጎ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የፈተና ወረቀት በሚታሰርበት ዓይነት ቀይ ጥብጣብ ታስሯል።

«እሳቸው ናቸው ያስቀሩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብርድ ልብስ ለብሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ "እስከ ግድግዳው የሚደርስ ትርፍ ይተዉልኝ" አሉኝ። ጥብጣቡንም ያሰሩት በገዛ እጃቸው ነው። ለምንዎ ነው ብላቸው...»

«ምን አለች?»

«ተይው፣ ልጄ። የእኔ አፍ አያርፍም።»

«ጋሼ። ምን አለች?»

«"የምትመጣዋ መሃል ላይ አትወደውም" አሉኝ።»

እጁን ወደ ጥብጣቡ ሲልክ ያዘችው። «ይቆዩ፤ እኔ ልፍታው።»

ጫፉን ሳብ ስታደርገው ያለ ምንም ትግል ተፈታ። ማንም በቀላሉ እንዲፈታው ተብሎ የተቋጠረ ነበር። ሰውዬው ሁለት ጣውላ ብቻ ጨምሮ አነሳና ሽቦውን ከሥር ለሥር አሳለፈው። ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ ስንዝር ያህልም ተረፈ። ቦታዋን ልትቀማት ነበር ያሰበችው። ሟቿ ግን ቀድማ ሰጥታታለች፤ ይኼ ከሁሉም ባሰባት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም አለቀ። ሶኬቱ የነበረበት ቀዳዳ በአዲስ ጣውላ ተደፍኗል፤ ቀለሙ ከሌላው ፈካ ይላል። ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ፣ «ምንጣፍ ጣል ስታደርጊበት አይታይም» አላት።

ጥግ የቆመውን ምንጣፍ ጥቅልሉን ፈትታ አነጠፈችው። ጥብጣቡን መጀመሪያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ተመልሳ አወጣችውና አቧራውን አራግፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሶፋው ላይ፣ እሱ በሚቀመጥበት በኩል ተቀምጣ ጠበቀች። ባሏ ሲገባ ምንጣፉ መሃል ቀጥ ብሎ ያልፍ እንደሆነ ከዚህ ታየዋለች። ካለፈ፣ ቤቱ የእሷ ነው።

ደወሉ ተንጫረረ። ዛሬም ቁልፉን ረስቷል።

«መጣሁ!» ብላ ብድግ አለች። ምንጣፉ መሃል ስትደርስ እግሯ ሳታዘው ወደ ቀኝ ዞረ፤ ምንም የሌለበትን ቦታ ዞራ አልፋ በሩን ከፈተችለት።