የበርሜሉ ብርድ ልብስ

"የኔን ብርድ ልብስ ለበርሜል?!"

"እማዬ ቀስ በይ፣ ጫጩቶቹ ይሰሙሻል።"

"ይስሙኛ! ሌባ ወንድም እንዳላቸው ከእንቁላል ሳይወጡ ይወቁ!"

እናቴ ብርድ ልብሷን በአንድ ጫፍ ትጎትታለች፣ እኔ በሌላው። በርሜሉ መሃላችን ቆሟል።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላርም በዚህ ዝናብ ተኝቷል። የጎረቤቱ ሁሉ እንቁላል እኛ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ነው፤ ዛሬ ነገ ሊፈለፈል ነው። ከበረደ አለቀለት፣ እኛም ሰፈር ውስጥ ቀና ብለን መሄድ ቀረ። ማሽኑን ይዞ ያለው ይሄ ባትሪ ብቻ ነው።

ባትሪ ስል የመኪና እንዳይመስላችሁ። ብረትና ክሮም የሟሟበት አሲድ፣ ሁለት በርሜል ሙሉ። ፓምፑ ከሁለቱም እየሳበ መሃል ባለው ሳጥን ያሳልፈዋል፣ እዚያ ሲያልፍ መብራት ይሰጣል። የገዛነው ርካሽ ስለሆነ ነው። አንድ አመል ግን አለው፤ ሲበርደው ይለግማል። ቁርጥ እኔን።

"የራስህን አታለብሰውም ነበር?"

"የኔንማ ለብሼዋለሁ።"

እውነቴን ነው። ከአልጋ እንደተነሳሁ በቁምጣ፣ ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ተጠቅልዬ ነው የምከራከረው።

"እኔ ከታመምኩ ባትሪውን ማን ያየዋል?" አልኳት።

"ወይ አለማፈር!"

ይሄኔ የማሽኑ አምፖል ደብዘዝ አለ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ ጠቅ... ጠቅ... አንዱ ቅርፊቱን እየነካካ ነው።

እማዬ ጆሮዋን የማሽኑ መስታወት ላይ ለጠፈች። ከዛ ቀስ ብላ መጥታ ብርድ ልብሷን ከእጄ ወሰደችና በርሜሉን ጠቀለለችው፤ እኔን ልጅ ሆኜ ትጠቀልለኝ እንደነበረው፣ ጫፉን ሳይቀር ወሸቅ ወሸቅ አድርጋ። በመዳፏም ዳበስ አደረገችው።

ሆዴ ባባ። "እማዬ፣ አንቺ እኮ አንጀትሽ..."

አልሰማችኝም። ሁለተኛውን በርሜል ታያለች። ከዛ እኔን።

"አውልቅ። ይሄኛው ራቁቱን ነው።"

"እማዬ! እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?"

"አንተንማ ፈልፍዬ ጨርሻለሁ። አውልቅ!"