የአስቤዛ ሊቅ

ሊቁ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል፣ ሽንኩርቱን ይቆጥራል፣ ጓዳውን ይቆልፍና ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ለእሱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አባካኝ ነው፤ ከሁሉ የባሱት ደግሞ ጎረቤቱ እትዬ የሺመቤት ናቸው።

አንድ ዓርብ ከሥራ በጊዜ ወጥቶ ለምሳ ሰዓት ሰፈር ደረሰ። እትዬ የሺመቤት በራቸውን ከፍተው ድስት ሙሉ ሽሮ ሲያወርዱ አያቸው። አላስቻለውም፤ ዘው ብሎ ገባ።

«እትዬ፣ እርስዎና ጋሼ ሁለት ሰው ናችሁ። ይሄን ሁሉ ወጥ ማን ሊበላው ነው? ኧረ እኔን ይዩኝ! አንድ ኪሎ ምስር ለስድስት ሰው ሁለት ሳምንት ይበቃኛል። ልጆቼ ከሱ? እንዲያውም እየወፈሩ ነው! ሰው እኮ አያያዝ ስለማያውቅ ነው የሚቸገረው።»

እትዬ የሺመቤት እንጀራውን ትሪው ላይ ዘርግተው ሽሮውን ጨለፉበት።

ወዲያው አራቱ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እየተሯሯጡ ገቡ። ቦርሳቸውን የለመዱት ጥግ ላይ ጣሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተሰለፉ። ትንሿ ዞር ስትል አየችው፤ ፊቷ በደስታ በራ።

«አባዬ! አንተም ምሳህን እዚህ ነው እንዴ የምትበላው?»