የሽኝቱ ቀን ምስክር

ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ የሠራው መሐንዲስ ጡረታ ሲወጣ፣ በሽኝቱ ላይ ታላቅ እህቱን ከጎኑ አስቀመጠ። ሁለቴ ተሽሮ ሁለቴ የተሾመ ሰው ነው። «ከእንግዲህ የምኖረው ለቤተሰቤ ነው» ሲል ተጨበጨበለት።

ከዚያ የቀድሞ አለቃው፣ ሽማግሌው አቶ ደምሰው፣ ሊመሰክሩለት ተነሡ።

«እናቱ ያረፉ ዕለት መኪና ከነሹፌሩ ሰጥተን ‹ሂድ፣ ቅበር› ብንለው፣ ‹ድልድዩ ሳይመረቅ የትም አልሄድም› ብሎ ቀረ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እሱ ዐይኑን ከጫማው ላይ መንቀል አቃተው። ያኔ ለእህቱ የነገራት «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ» ብሎ ነበር።

እህቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ እሱን አልፋ ሄዳ ከሽማግሌው እግር ላይ ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ የእናቴ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር ስረግምዎት ኖሬአለሁ።»